ከላይኛው ኩርባ ወዲህ

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሳይት ውስጥ ከፎርማኑ እስከ ዘበኛው «ጋሽ ማኅተም» ነው የሚሉት፤ ጎረቤቱም ይህንኑ ለምዷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የግንባታ ሳይት በር ላይ ቆሞ ጠጠርና አሸዋ ሲረከብ የኖረ ሰው ነው። የርክክብ ማኅተሟን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው እሷን?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ስለዚህ ሰው ክፉ ላወራ አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮማ ነገሩ ለሁላችንም በቀለለን ነበር። ተራግሞ መገላገል ነው። ጋሽ ማኅተም ግን ክፉም ሰነፍም አልነበረም፤ እንዲያውም እንደሱ ሥራውን የሚሠራ ተረካቢ እኔ አላየሁም።

ገልባጭ መኪና በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ሌላው ተረካቢ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «እለፍ!» አይልም። ጎማው ላይ ይወጣል፣ የካሶኒውን ጠርዝ በግራ እጁ ይይዛል፣ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ጠጠሩ ውስጥ ይከታል። ከላይ ለዓይን የሚያምር ጠጠር አልብሶ ከሥር አፈር የሚጭን አለና ነው። እጁ ጭቃ ነክቶ ከወጣ አለቀ፤ «ይሄንን ውሰድና የአማትህን ግቢ ደልድልበት!» ብሎ ሹፌሩን ከነጭነቱ ይመልሰዋል። ንጹሕ ከሆነ ወርዶ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግና ባለ ሦስት ቅጠሉን ወረቀት ያወጣል። ካርቦኑን አስተካክሎ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ማኅተሟን እስትንፋሱን እፍ ብሎባት ያሳርፋል። ነጩ ለሹፌሩ፣ ሮዙ ለቢሮ፣ ቢጫው እሱ ከሚቀመጥበት ጎጆ በር ጀርባ ያለው ምስማር ላይ።

ማታ ሥራ ሊያልቅ ሲል ጠጠሩ ከሚጫንበት ከድንጋይ ካባው «ዛሬ ይህን ያህል መኪና ወጥቷል» ይባላል። ጋሽ ማኅተም ቢጫዎቹን ከምስማሩ አውርዶ ይቆጥራል። ቁጥሩ ልክ ከመጣ ጃኬቱን ለብሶ ወደ ቤቱ። አንድ ከጎደለ ግን ቤት የሚባል ነገር የለም! «ቢጫው ጎደለ ማለት ሰው ጎደለ ማለት ነው» ይልና የፎርማኑን ፒክአፕ አስነሥቶ መንገዱን ይዞ ይወጣል። ፎርማኑ መጀመሪያ ሰሞን «ጋሼ፣ እኛ የምንቆጥረው ጠጠር ነው እንጂ ሰው አይደለም» ብሎት ነበር። እሱ መች ሰምቶ።

አንድ ቀን እንዲህ ብሎ ሲወጣ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር አገኘ፤ ተሳስቀው ተመለሱ። ሌላ ቀን ደግሞ መኪናው ተገልብጦ እግሩ የተጨፈለቀ ሹፌር ቦይ ውስጥ አገኘ። አውጥቶ፣ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ አትተኛ፣ አናግረኝ» እያለ ሆስፒታል አደረሰው። ያ ሹፌር ዛሬ በአንድ እግሩ ሱቅ ይነግዳል፤ ጋሽ ማኅተምን ባየ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣለታል። ለዚህ ነው ሹፌሮቹ በጠጠር ፍተሻው እየተማረሩም የሚወዱት። በሃያ ሁለት ዓመት እሱ በር ላይ ቆሞ መንገድ ላይ የቀረ ሹፌር አልነበረም። ሰውየው በሕይወቱ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ከሹፌሮቹ አንዱ «ፍሬን» ይባላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስለሚያበዛ ነው፤ ከኋላው የተሰለፈ ሁሉ ያብዳል፣ ክላክስ ያንባርቅበታል፣ እሱ ምን ቸገረው። «የምትቸኩሉ ከላዬ ዘላችሁ እለፉ» ይላል በእርጋታ። የጋሽ ማኅተም ልጅ ለአባቷ ምሳ ስታመላልስ በር ላይ ተያዩ፤ ከዚያ እሷ ምሳ ማምጣት አዘወተረች፣ እሱም ጭነቱ ማለዳ የሚወጣ ሆኖ ሳለ በምሳ ሰዓት መድረስ አመጣ። ሽማግሌ ሲልክ ጋሽ ማኅተም ለይስሙላ እንኳ አላንገራገረም። «ልጄን ለሚፈጥን ሰው አልሰጥም ብዬ ነበር፤ ይሄ እንኳን ሊፈጥን ለመድረሱም ያጠራጥራል» ብሎ ሳቀና ሰጠ። ዛሬ አራት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አላቸው። ልጅቱ እናቷ የስፌት መኪና ስትረግጥ ከሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትሰበስባለች።

እንግዲህ አዲሱ ሳይት መጣ። ጎድጓዳ ቦታ ነው። ከድንጋይ ካባው የሚመጣው መንገድ ተራራውን ይሻገርና ላይኛው ኩርባ ከሚሉት ቦታ ላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያ አምስት ጊዜ እየተጠማዘዘ ሳይቱ በር ላይ ይወርዳል። አራግፎ የጨረሰ መኪናም ሆነ ሥራ ያበቃ ሠራተኛ ወደ ከተማ የሚሄደው በሌላ፣ በታችኛው መንገድ ነው። ያንን ቁልቁለት ከጫነ መኪና በቀር የሚረግጠው የለም።

ከሳይቱ ጋር ታብሌቱ መጣ። ዋናው ቢሮ ወረቀት በቃኝ አለ። ልታስተምር የመጣችው የሲስተም ባለሙያ ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ጋሽ ማኅተም ጣቱን በምራቁ እያረጠበ መስታወቱን ሲነካ እንኳ አልሳቀችበትም። ነገሩ ቀላል ነው። ካባው ላይ መኪናው ሲወጣ ይመዘገባል፤ ታብሌቱ ላይ በቢጫ ይታያል። ሳይት ሲደርስ ተረካቢው «ተረክቤያለሁ» የሚለውን ይጫናል፤ አረንጓዴ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተጫነ ቀይ ይሆናል፤ ቀዩ ደግሞ ዋናው ቢሮ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይበራል።

«ወረቀቱስ? ቢጫው?» አለ ጋሽ ማኅተም።

«ከእንግዲህ ሲስተሙ ራሱ ይቆጥርልዎታል ጋሼ። እርስዎ ይረፉ።»

ሲስተሙ ቆጠረ፣ እውነት ነው። ችግሩ ጎድጓዳው ውስጥ ኔትወርክ የለም! ኔትወርክ የሚገኘው ከሳይቱ ጀርባ ካለው ጉብታ አናት ላይ ብቻ ነው፤ ለመውጣት አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ለመውረድ አሥር። ይህንን ለዋናው ቢሮ ቢናገር «አንቴና እየተገዛ ነው» አሉት። ይኸው እስካሁን እየተገዛ ነው።

ሰውየው መጀመሪያ በሐቅ ሞከረ። መኪና ሲመጣ ጎማው ላይ ይወጣል፣ እጁን ይከታል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ጉብታውን ይወጣል፣ ይጫናል፣ ይወርዳል። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ! በቀን አሥራ አራት መኪና አለ። ጉልበቱ እምቢ ሲለው ሁለት ሦስቱን አጠራቅሞ መውጣት ጀመረ፤ ያን ጊዜ ቀዩ በራ። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለ። «ይሄ ቀይ ምንድን ነው?» ኔትወርክ ነው ቢለው፣ «ሌሎቹ ሳይቶች ሁሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ያንተ ብቻ ነው የሚቀላው። ካቃተህ የሚችል ሰው አለ» አለው። በሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ራቱን ሳይበላ ተኛ።

በነጋታው ጉብታው ላይ ወንበር አወጣ ለማለት ይቻላል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማዳበሪያ አነጠፈና ተቀመጠ። ለካ ከዚያ ሆኖ ላይኛው ኩርባ ፊት ለፊት ይታያል! መኪናው ተራራውን ተሻግሮ ብቅ ሲል ሰሌዳው ባይነበብም በቀለሙ፣ በጭነቱ አቀማመጥ፣ በአነዳዱ የማን እንደሆነ ያውቀዋል። ከዚያ በር ድረስ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። «ከላይኛው ኩርባ ካለፈ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሰማይ አይበር!» አለ ለራሱ፣ ተጫነም። አረንጓዴ። ሹፌሮቹም ወደዱለት፤ በር ላይ መቆም ቀረ፣ እጁን ጠጠር ውስጥ የሚከትም የለም፣ ዘበኛው የበሩን ብረት ያነሣል፣ ገብተው ያራግፋሉ። ዘበኛው ጋሽ ማኅተም ከላይ ይቆጥራል ብሎ አይቆጥርም። ጋሽ ማኅተም ሲስተሙ ይቆጥራል ብሎ አይቆጥርም። ሲስተሙ የሚቆጥረው ደግሞ የጋሽ ማኅተምን ጣት ነው።

ፍሬን ግን ላይኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ መብራት ያበራለታል፤ ለአማቱ ሰላምታ ነው። ጋሽ ማኅተምም ባይታይም እጁን ያነሣል።

ያ ቀን ከጧት ጀምሮ ሲዘንብ ውሎ ከሰዓት በኋላ አባርቶ ነበር። የመጨረሻው መኪና የፍሬን ነው። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ኩርባው ላይ ብቅ አለ፣ መብራቱን ሁለት ጊዜ አበራ። ጋሽ ማኅተም ተጫነ። አሥራ አራት በአሥራ አራት፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ አንድም ቀይ የለም! ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለ፤ «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለው። ሰውየው ደስ አለው፤ ለምን እዋሻለሁ፣ እንደ ልጅ ደስ አለው። ታብሌቱን ብብቱ ሥር አድርጎ በጉብታው ማዶ በአቋራጩ ወርዶ ከሠራተኛው ጋር በታችኛው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። የተራገፈውን ጠጠር የሚደለድለው የሎደሩ ኦፕሬተር በዝናቡ ምክንያት ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ እሱ እስካሁን አልመጣም። ስልኩም አይሠራም።»

ጋሽ ማኅተም ታብሌቱን አውጥቶ ተመለከተ። «ደርሷል እኮ፣ ልጄ። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ተረክቤዋለሁ።»

«አንተ አይተኸዋል? በዓይንህ?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«እኔ እንጃ፣ ልቤ አላርፍ አለ። ጎረቤታችንን፣ ባለ ፒክአፑን፣ በመንገዱ ደርሰህ ና ልበለው?»

«ኧረ ተይ፣ በዚህ ጭቃ ሰው ለምን ታስቸግሪያለሽ? አራግፎ ወደ ካባው ተመልሶ ይሆናል። ነገ በጧት ለመጫን ብለው እዚያ የሚያድሩ አሉ። መቼም እሱን ታውቂዋለሽ፣ በጭቃ አይነዳም።»

«አንተ ካየኸው እሺ» አለች። ልጅቷን አበላች፣ አስተኛች።

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ የሎደሩ ኦፕሬተር ሞተሩን ሳያስነሣ ጠጠሩን እያየ ቆሞ ነበር። እያንዳንዱ መኪና ሲያራግፍ አንድ ክምር ይተዋል፤ ኦፕሬተሩ ጧት ጧት በየክምሩ እየገባ ነው የሚደለድለው። «ጋሼ» አለ፣ «ትናንት ስንት ነው የገባው?»

«አሥራ አራት።»

«እኔ የማየው አሥራ ሦስት ክምር ነው።»

ጋሽ ማኅተም ራሱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ሦስተኛ መቁጠር ጀምሮ ተወው። ከዚያ ሮጠ። ያ ጉብታ መውጣት ያቃተው ሰው ቁልቁለቱን ወደ ላይ በሩጫ ወጣው፤ ፒክአፑ ደርሶበት የጫነው መንገድ ላይ ነው።

ከላይኛው ኩርባ ሲቆጠር ሦስተኛው ላይ የመንገዱ ጠርዝ በዝናብ ርሶ ተንዶ ነበር። ፍጥነት አይደለም፤ የጎማው ምልክት ጭቃው ላይ ቀጥ ብሎ፣ ስንዝር በስንዝር የሚባል ዓይነት ዝግታ ያሳያል። መሬቱ ነው ከሥሩ የሄደው። መኪናው ገደሉ ውስጥ በጎኑ ተኝቷል፣ ጠጠሩ ተዘርግፏል። ፍሬን ጋቢና ውስጥ አልነበረም። ጭኑ ተሰብሮ፣ ሸሚዙን ቀዶ አስሮበት፣ በክርኑ እየተሳበ ወደ መንገዱ ሃያ እርምጃ ያህል ወጥቶ ነበር። ያነሡት ሠራተኞች ብብቱ ሥር ገና ሙቀት ነበረው ይላሉ። ሐኪሙ ደግሞ ደም ፈስሶት ነው የሞተው፣ ማታውን ቢደርስልኝ የሚተርፍበት ጉዳት ነበር አለ። እንዲያው ምናለ ባይናገረው!

ስልኩ እጁ ውስጥ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት ደውሎ ደውሎ ባትሪው አልቋል። ሚስቱ ቻርጅ አድርጋ ስትከፍተው አሥራ አንዱ የተደወለው ለእሷ ነው፤ አሥራ ዘጠኙ ለጋሽ ማኅተም። የመጨረሻው ከምሽቱ ለሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

ቀብሩ ላይ ሁሉም ሲስተሙን ረገመ። «ማሽን ምን ያውቃል፣ ያልደረሰውን ደርሷል ይላል!» ዋናው ቢሮም «የሲስተም ስህተት» ብሎ ጻፈና ዘጋው፤ የሰው ስህተት ከሚሉ ይህ ይሻላቸዋል። መዝገቡ ላይ ያ ጭነት ዛሬም አረንጓዴ ነው። ልጁ «አባቴን እንኳ አታለለው ያ ዕቃ» እያለች አለቀሰች። አንገቱን አቅፋ ነው ይህን ያለችው።  ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጋሽ ማኅተም ማታ ማታ እየሄደ ከልጁ ቤት ይቀመጣል፤ እሷ ሻይ ታቀርባለች፣ እሱ ሻዩን ያቀዘቅዛል። ልናገር ብሎ ይሄዳል፣ ሳይናገር ይመጣል። አያድርስ ነው መቼም።

በሦስተኛው ሳምንት የሲስተም ባለሙያዋ ሳይት መጣች። ጎጆው ውስጥ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ያበጠ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ሲስተሙ ተሳሳተ ይላል። ሲስተሙ ግን በራሱ አይጫንም።»

«አይጫንም» አለ።

«እኔ ለማንም አልናገርም። ኔትወርክ መኖሩን ሳላይ መሣሪያ አስረክቤ የሄድኩት እኔም ነኝ። ለእሷ ግን ይንገሯት። ከሌላ ሰው ብትሰማው አይሆንም።»

በዚያው ዕለት ሄደ፣ ነገራት። ከበሩ ሳይገባ፣ ቆሞ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ነገራት። ልጁ የስፌት መኪናዋን እጀታ ይዛ ሰማችው። አልጮኸችም። «እሑድ ሥራ የለም አይደል?» አለች። «የለም።» «እሑድ የተቀመጥክበትን ቦታ ታሳየኛለህ።»

እሑድ ወጡ። እሷ ከፊት፣ እሱ እያለከለከ ከኋላ። ማዳበሪያው ድንጋዩ ላይ እንደተነጠፈ ነበር፤ እሷ ተቀመጠችበት።

«ላይኛው ኩርባ የቱ ነው?»

አሳያት።

«ሦስተኛውስ?»

ማሳየት አላስፈለገውም። የተናደው ጠርዝ ቀይ አፈሩ ወጥቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጣቷ ከላይኛው ኩርባ እስከዚያ መንገዱን ተከተለች።

«በሱ አነዳድ ከዚያ እዚያ ስንት ደቂቃ ነው?»

«በዚያ ጭቃ… አራት፣ ቢበዛ አምስት።»

«ያን ሰዓት ዝናብ ነበር?»

ነበር ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። ቢያንስ እሷ ታምነው ነበር። «አባርቶ ነበር» አለ።

«እንግዲያው አምስት ደቂቃ ብትቆይ ሲወድቅ ታየው ነበር።»

«አየው ነበር።»

«ምን አስቸኮለህ፣ አባዬ?»

ጋሽ ማኅተም አለቀሰ። በሚስቱ ቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀሰም፤ ከሆዱ ነው የወጣው። «ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ነበር» አለ። «ደውለው አመሰገኑኝ። ደስ አለኝ፤ ተነሥቼ ወረድኩ።»

ልጁ እሱን አላየችም። እሷም እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። ቆይታ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ «ልጅቷ ጎረቤት ናት፣ ትራባለች» ብላ መውረድ ጀመረች። እሱም ክራንች እንደሚያስፈልገው ሰው ድንጋዩን ተደግፎ ሊከተላት ተነሣ።

«አንተ ቆይ» አለችው ሳትዞር። «አሁን እንኳ ትንሽ ቆይ።»

ቆየ። ማዳበሪያው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ዘበኛው ፈልጎት ወጥቶ እጁን ይዞ ሲያወርደው ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር፤ ሦስተኛውን ኩርባ ማየቱን አላቆመም ነበር።